ከሦስት እጅ አንዱ

ፍርድ ቤቱ በፖስታ አንድ ወረቀት ላከልኝ፤
«የማን እጅ ነው?» ሲል በማኅተም ጠየቀኝ።
እንጀራዬ ይኸው ነው፤ በኦሪስታኖ ጓዳ፣
የሟች ፊደል መልቀም፣ በማጉያ፣ በማለዳ።

የሒሳብ ደብተር ቅጠል፣ ባለ አራት ማዕዘን መስመር፤
ጠርዙ ላይ የደረቀው የወይራ ዘይት ነበር።
«እኔ ባኪዚዮ ፒራስ፣ አእምሮዬ ሳይጎድል፣
ካለኝ ከሦስት እጅ ሀብት ሁለት እጁን ያህል
ሕግ ለልጆቼ ይዟል፤ እሱንስ አልነካም፤
ለቱሪኑ ጎናሪዮ፣ ለግራዚየታም።
አንዱ እጅ ግን የኔ ነው፣ ለወደድኩት የምሰጠው፤
ጉድጓድ ያለበትን ቤት፣ ከነኮኩ፣
አኩሊና ትውሰደው።»

ቀን አለው። ፊርማ አለው።
ላይ ላዩን ላየው ሰው ምንም አልጎደለው።

የዚህ አገር ሕግ ግን አጭር ነው፣ እንደ ቢላ፤
ምስክር የሌለው ኑዛዜ አይጻፍም በሌላ።
ከፊተኛው ቃል እስከ ኋለኛው ነጥብ ድረስ
የተናዛዡ እጅ ነው በቀለም የሚርስ።
በታይፕ አይሆንም፤ በልጅ፣ በጎረቤት አይሆንም፤
የሰው እጅ ከገባበት ሟቹ እንኳ አይታመንም።

አጎነበስኩ።
የመጀመሪያው መስመር ይንቀጠቀጣል፤
«እኔ» የሚለው ቃል ሦስቴ ወድቆ ተነሥቷል።
ይህ የሱ ነው፤ ከጡረታው ደረሰኙ፣
ከበግ መሸጫ ውሉ ጋር ፊደላቱ ተገናኙ።
ከሁለተኛው መስመር ግን ጽሕፈቱ ቀጥ አለ፤
ብዕሩ ወረቀቱን ጠልቆ፣ ጠልቆ ተከለ።
ጫናው እጥፍ ነው፤ ኩርባው የሰማንያ ስምንት ዓመት አይደለም፤
አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይከተላል፣ ማንም ብቻውን አልጻፈም።

በችሎቱ ቀን አኩሊና ቆመች፣
ከሞልዶቫ መጥታ ስድስት ዓመት ያጠበችው፣ ያበላች።
ዳኛዋ፦ «ሲጽፍ እጁን ይዘሽ ነበር?»
ጠበቃዋ በጫማው ጫማዋን ነካ፤ «እንዳትናገር!»
እሷ መዳፏን አየች።
«ይዤ ነበር» አለች።
«ማንኪያውንም ይዤለታለሁ፣ ምላጩንም፣ ምርኩዙንም፤
ሲጽፍ ብቻ ልቀቂው ያለኝ ሰው ግን የለም።»

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ስንት አይቻለሁ፤
እጅ በእጅ ለተያዘ ሽማግሌ ምን እላለሁ?

ሕጉ ጅል አይደለም፤ ይህንንም ልናገር።
አምና ቦሳ ላይ አንዱ፣ አክስቱን በጣር
እንዲሁ ይዞ አስጽፏት የወይን እርሻ ወሰደ፤
ያም ጫናው እጥፍ ነበር፣ ያም መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ።
በኔ ማጉያ ሥር ፍቅርና ስርቆት
አንድ ዓይነት ይከብዳሉ። አልቻልኩም መለየት።

አንዲት ስልክ ቢደውሉ የውል ሹሙ ይመጣ ነበር፣
ከሁለት ምስክር ጋር፣ እሱ ሊያናዝዝ፣ እሱ ሊጽፍ ከአልጋው ዳር።
አልደወሉም። ቀላል መስሏቸው፣
ወጥ ቤት ተቀመጡ፣ ዘይቱ መሐላቸው።

«የሁለት ሰው እጅ» ብዬ ፈረምኩ፤ ኑዛዜው ፈረሰ።
ጎናሪዮ ደስ አላለውም፤ አቀርቅሮ መለሰ
ቆቡን ወደ ራሱ። አኩሊና ከኪሷ ቁልፍ አወጣች፣
ለግራዚየታ ሰጠች፤
«በሩን ስትዘጊ ትንሽ ወደ ላይ አንሺው» አለች።

ሊሰጣት ያሰበው ከሦስት እጅ አንዱን፤
የሰጣት እጁን ብቻ፣ የሚንቀጠቀጠውን።

ማታ ቤቴ ገባሁ፤ ቀን ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ ጀመርኩ።
ጣቴ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሁለት መስመር ሰረዝኩ።
መብራቱን አስጠጋሁ፣
በዝምታ አዳመጥኩ ከጓዳ ኮቴ ይሰማ እንደሆን።

የሚይዘኝ የለም።
የኔ ኑዛዜ ይጸናል።